በናርኒያ ተረት ውስጥ ጥምጣም የጠመጠሙት እነማን ናቸው?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር)

   

ልጆቻችሁ በእረፍት ጊዜያቸው ምን እንደሚያነቡ እንድትጽፉልን ባለፈው ዝግጅታችን ጠይቀናችሁ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ መልሳችሁ ከጠበቅነው በላይ ነው። ከደብዳቤዎቹ መካከል አንድ መጽሐፍ ደጋግሞ ተነሥቷል፤ እርሱም ሲ. ኤስ. ሉዊስ የተባለው እንግሊዝኛ ጸሐፊ ለልጆች የጻፈው «የናርኒያ ዜና መዋዕል» ነው። ስለ እርሱ የተጻፉልንን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ስለ አንድ መጽሐፍ የተጻፉ አይመስሉም።

አንድ አባት «ጠንቋይ ያለበት መጽሐፍ ከቤቴ ደጃፍ አያልፍም» ብለው በሁለት መስመር ጨርሰዋል። አንድ መምህር ወንድማችን ደግሞ ጥንቆላው ሳይሆን በአንበሳው ምስል ተሸፍኖ የሚሰጠው የክርስትና ትምህርት እንደሚያሳስባቸው ገልጸዋል። አንድ ወጣት በበኩሉ ማንበብን የወደደው በእነዚህ መጻሕፍት እንደሆነ፣ ሰባቱንም ጨርሶ ሰላቱን እንዳልተወ፣ ወላጆች ከንቱ ስጋት እንደያዛቸው ጽፎልናል። የዛሬውን ንግግር እንድናዘጋጅ ያስገደደን ግን ከአሜሪካ የመጣው የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። የአሥር ዓመት ልጃቸው መጽሐፉን ከትምህርት ቤት አምጥታ ስታነብ ቆይታ ወደ ማድ ቤት መጣች። ገጹን ከፍታ ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ጢማቸው የረዘመ፣ ጎራዴያቸው የቆለመመ ሰዎች የተሳሉበትን ሥዕል እያሳየች፣ «ኡሚ፣ እነዚህ እኛ ነን እንዴ?» ብላ ጠየቀቻቸው። እህታችን ምን ብለው እንደሚመልሱ ጠፋቸው።

መጽሐፉን ለማያውቁት በአጭሩ እንናገር። ሉዊስ እ.ኤ.አ በ1898 በአየርላንድ ቤልፋስት ከተማ ተወለደ። በኦክስፎርድ፣ በኋላም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ያስተምር ነበር። በወጣትነቱ ፈጣሪ የለም ይል የነበረ ሲሆን በሠላሳዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ወደ ክርስትና ተመልሶ ስለ ሃይማኖቱ ብዙ መጻሕፍት ጽፏል። በ1963 ሞተ። ሰባቱ የናርኒያ መጻሕፍት ከ1950 እስከ 1956 በየዓመቱ አንድ አንድ እየሆኑ ታተሙ። የመጀመሪያው «አንበሳው፣ ጠንቋይቱና ቁም ሣጥኑ» ይባላል። አራት ወንድማማችና እኅትማማች ልጆች በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አልፈው እንስሳት ወደሚናገሩበት አገር ይገባሉ። አገሩን አንዲት ጠንቋይ በማያልቅ ክረምት አስራ ይዛዋለች፤ አስላን የተባለ አንበሳ መጥቶ ነጻ ያወጣዋል። በ2005፣ በ2008ና በ2010 ሦስቱ መጻሕፍት ፊልም ሆነው ስለወጡ ብዙ ወላጅ ታሪኩን አውቀዋለሁ ይላል። ልጅቷን ያስጨነቃት መጽሐፍ ግን ከእነዚያ ሦስቱ አንዱ አይደለም። እርሱ በ1954 የታተመው «ፈረሱና ልጁ» ነው። ሲታተም አምስተኛ ቢሆንም ከ1994 ወዲህ በሚወጡት አብዛኞቹ እትሞች መጻሕፍቱ የሚደረደሩት በታሪኩ ዘመን ቅደም ተከተል ስለሆነ ሦስተኛ ሆኖ ይመጣል። ፊልሙን አይቶ «ችግር የለውም» ያለ አባት ልጁ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ምን እንደምታገኝ አያውቅም ማለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጥንቆላው። ሲሕር በኢስላም ቀልድ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሰባቱ አጥፊ ወንጀሎች አንዱ አድርገው ቆጥረውታል፤ ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሱረቱል በቀራም አላህ (ሱ.ወ) ነቢዩ ሱለይማንን (ዐ.ሰ) ከሲሕር ንጹሕ አድርጎ፣ ሲሕርን ለሰዎች ያስተማሩት ሰይጣናት መሆናቸውን ነግሮናል። ስለዚህ ያ አባት የሰጉት ከመሬት ተነሥተው አይደለም። ይሁን እንጂ በማይኖር ነገር መጫወት ሁሉ ሲሕር ነው ማለት አይቻልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻ ተመልሰው ሳለ ነፋስ መጋረጃውን ገልጦት የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አሻንጉሊቶች ታዩ። በመካከላቸው ከጨርቅ የተሠሩ ሁለት ክንፎች ያሉት ፈረስ ነበር። ፈረስ ክንፍ አለው ወይ ብለው ቢጠይቋቸው፣ ዓኢሻ (ረ.ዐ) የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብለው መለሱላቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ድረስ ሳቁ። ይህን አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ያ ፈረስ ከቤት አልተጣለም። እኛ ሙፍቲ አይደለንም፤ ፍርዱን ለዑለማዎች እንተዋለን። ግን በናርኒያ ውስጥ ጠንቋይቱ ጠላት እንጂ አርአያ አለመሆኗን፣ ልጆቹም አስማት ሲማሩ የሚውሉበት መጽሐፍ አለመሆኑን ሳያነቡ የሚፈርዱ ሊያውቁት ይገባል።

የመምህሩ ስጋት ከዚህ ይልቅ ክብደት አለው። አንበሳው አስላን ለከዳው ልጅ ለኤድመንድ ሲል ራሱን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል፤ በድንጋይ ገበታ ላይ ይታረዳል፤ ሲነጋ ይነሣል። ይህ የማን ታሪክ እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው። ሉዊስ ራሱም አልደበቀውም። ናርኒያ የመሰለ ዓለም ቢኖርና ክርስቶስ ወደዚያ ቢሄድ ምን ይሆን ነበር ብዬ ያሰብኩት ነው እያለ ያስረዳ ነበር። እኛ ደግሞ አንዲት ነፍስ የሌላዪቱን ሸክም እንደማትሸከም ከቁርኣን ተምረናል። የሠራ ሰው ራሱ ተውበት ያደርጋል፣ አላህም ከወደደ ይምረዋል፤ በመሐል የሚታረድ አያስፈልገውም። ይህን ለአሥር ዓመት ልጅ መንገር ከባድ አይደለም። «እነርሱ እንዲህ ያምናሉ፣ እኛ እንዲህ እናምናለን» ሲባል ልጅ ይገባዋል። በእርግጥ መጽሐፉን በየቀኑ ክርስቲያን ጎረቤት ያለው የእኛ አገር ልጅ ቢያነበው ብዙም አይደናገርም፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሁለቱን ልዩነት እያየ ነው ያደገው። የሚያሳስበው ዐቂዳውን ገና በቅጡ ሳይማር ብቻውን የሚያነበው ነው። በነገራችን ላይ «አስላን» የሚለው ስም ራሱ በቱርክኛ አንበሳ ማለት ነው። ሉዊስ ያገኘው በኤድዋርድ ሌን የሺህ አንድ ሌሊት ትርጉም ማስታወሻዎች ውስጥ እንደሆነ ጽፏል። ከምሥራቁ ዓለም ለአንበሳው ስም ወሰደ፤ ከዚያው ዓለም ለጠላቶቹ ምን እንደወሰደ ደግሞ እንይ።

«ፈረሱና ልጁ» ከናርኒያ በስተደቡብ፣ ከበረሃ ማዶ ባለችው ካሎርመን በተባለች ታላቅ አገር ይጀምራል። ሻስታ የተባለ ልጅ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ይኖራል። አንድ ቀን አንድ መኳንንት መጥቶ ልጁን ሊገዛው ይደራደራል። ገንዘባቸው ምን እንደሚባል ልብ በሉ፤ «ጨረቃ»፣ ያውም ግማሽ ጨረቃ ይባላል። ሻስታ ሊሸጥ መሆኑን ሰምቶ ብሪ ከሚባል ተናጋሪ ፈረስ ጋር ወደ ሰሜን ይሸሻል። በመንገድ ላይ አራቪስ ከምትባል የካሎርመን መኳንንት ልጅ ጋር ይገናኛል። እርሷም የአያቷን ዕድሜ የሚያህል ሹም ሊያገቧት ሲሉ ነው ያመለጠችው። በዋና ከተማዋ በታሽባን በኩል ሲያልፉ ልዑል ራባዳሽ ሁለት መቶ ፈረሰኞች ይዞ ሰሜኑን በድንገት ሊወር መሆኑን ይሰማሉ። በረሃውን አቋርጠው ሊያስጠነቅቁ ይሮጣሉ። እንደ ታሪክ ከሰባቱ ሁሉ ልብ የሚሰቅል ነው፤ ይህን ሳንመሰክር ማለፍ ፍትሕ አይሆንም።

ካሎርመኖቹ እነማን ናቸው? ፊታቸው ጠቆር ያለ ነው። ጥምጣም ይጠመጥማሉ፣ ጢማቸውን ያስረዝማሉ። የንጉሣቸውን ስም ዕድሜው እንዲረዝም ሳይመርቁ አያነሡም። በምሳሌና በግጥም አሳምረው ይናገራሉ፤ ልባቸው ግን ጨካኝ ነው። ባሪያ ይሸጣሉ፣ ሴት ልጅ በግድ ይድራሉ። ከተማቸው ከሩቅ ሲያዩአት ታምራለች፤ ሲገቡባት ግን ባልታጠበ ሰው፣ በሽንኩርትና በቆሻሻ ትሸታለች። (በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሕዝብ ከተማ ከየት እንደዚህ እንደሸተተ ጸሐፊውን ብንጠይቀው ደስ ይለን ነበር።) በዚያው መንገድ ላይ የናርኒያ እንግዶች ሲያልፉ ግን ቆዳቸው ነጭ፣ ፊታቸው ሳቂታ፣ አካሄዳቸውም የነጻ ሰው አካሄድ ነው። ሻስታ ያያቸውና ልቡ ወደ እነርሱ ይሄዳል። በመጨረሻም ምክንያቱ ይታወቃል፤ ለካስ የዓሣ አጥማጁ ልጅ አልነበረም፤ የሰሜኑ ንጉሥ ልጅ ነበር። ከካሎርመኖቹ የሚለየው ነጭ መልኩም ከመጀመሪያው ገጾች ጀምሮ ተነግሮናል።

ስለዚህ የአንባቢያን ክርክር ከእኛ ደብዳቤዎች በፊት የቆየ ነው። ራሱ የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊ የሆነው እንግሊዛዊው ፊሊፕ ፑልማን በ1998 በጋዜጣ ላይ የናርኒያን መጻሕፍት በዘረኝነትና በሴት ንቀት ከሶ ጽፏል። ብዙዎች አጨበጨቡለት፣ ብዙዎችም ተቆጡ። እኛ ግን ፑልማን ስለ ካሎርመን የተናገረውን ስለወደድን ብቻ የእርሱን መጻሕፍት ለልጆቻችን የምናወርስ እንዳይመስላችሁ። እርሱ ደግሞ በ2000 ባወጣው የሦስተኛ ቅጹ ላይ አምላክ ተብሎ የሚመለክን ሽማግሌ እስከ መግደል ደርሷል።

ሉዊስን የሚከላከሉ አንባቢዎች ሦስት ነገር ያነሣሉ፤ ሦስቱም የሚናቁ አይደሉም። አንደኛ፣ ካሎርመኖች ሙስሊሞች አይደሉም ይላሉ። ታሽ የተባለ የአሞራ ራስና አራት እጅ ያለው ጣዖት ያመልካሉ፤ ንጉሣቸውም ከጣዖቱ ዘር ነኝ ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ማንኛውም ሙስሊም ልጅ ይህን ሺርክ ብሎ ይጠራዋል። ሁለተኛ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ደፋሯ፣ ከሁሉም የምትወደደው አራቪስ ራሷ ካሎርመናዊት ናት። በመጨረሻም ሻስታን አግብታ የሰሜኑ ንግሥት ትሆናለች። ስታመልጥ መድኃኒት አጠጥታ ያስተኛቻት አገልጋይ በእርሷ ምክንያት ተገርፋለች፤ አንበሳውም በጅራፉ ቁጥር ልክ ጀርባዋን ይቧጭራታል። የደካማ ሐቅ እንዳይረሳ የሚያስተምር ትልቅ ቦታ ነው። ጸሐፊው በዚሁ መጽሐፍ የካሎርመን ልጆች ታሪክ አተራረክ እንደሚማሩ ነግሮን፣ ከእንግሊዝ ልጆች የድርሰት ትምህርት የተሻለ እንደሆነ በቀልድ ያመሰግናቸዋል። ሦስተኛ፣ በ1956 በወጣው በመጨረሻው መጽሐፍ «የመጨረሻው ጦርነት» ውስጥ ኤሜት የሚባል አንድ ወጣት የካሎርመን ወታደር አለ። ዕድሜውን ሙሉ ታሽን በቅንነት ያገለገለ ነው፤ አንበሳው ግን አይጥለውም፤ በጎ ሥራውን ሁሉ ለራሱ እንደተሠራ ቆጥሮ ይቀበለዋል። «ኤሜት» በዕብራይስጥ እውነት ማለት ነው፤ ሥሩም ከዐረብኛው «ኢማን» ከእኛም «እምነት» ጋር አንድ ነው።

በእኛ አስተያየት ግን እነዚህ መልሶች የልጅቷን ጥያቄ አይዘጉትም። ካሎርመኖች ጣዖት አምላኪ መሆናቸው ነገሩን ያቀለዋል የሚሉ ሰዎች ልጅ መጽሐፍ እንዴት እንደሚያነብ ዘንግተዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ ዐቂዳ አትመራመርም፤ የምታየው ልብሱን ነው። ያ ጥምጣም የአያቷ ጥምጣም ነው። ግማሽ ጨረቃውም በመስጊዱ ሚናራ ላይ ያለው ነው። ጣዖቱን የአያቷን ልብስ ካለበሱት በኋላ «ይህ አንቺ አይደለሽም» ቢሏት እንዴት ትመን? ደግሞም ይህ የሉዊስ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እርሱ የመካከለኛው ዘመን ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበር። የዚያ ዘመን የአውሮፓ የጀግንነት ግጥሞች፣ ለምሳሌ የፈረንሳዮቹ የሮላንድ ግጥም፣ ሙስሊሞችን ጣዖት አምላኪዎች አድርገው ይሥሉ ነበር። ከፍጥረታት ሁሉ ጣዖትን አጥብቆ የሚጠላውን ሕዝብ! ያ አሮጌ ውሸት ዘጠኝ መቶ ዓመት ያህል ተጉዞ በልጆች ተረት ውስጥ ታሽ ሆኖ ተቀምጧል ብንል አልተሳሳትንም። አራቪስም ብትሆን ጥሩ የሆነችው ወደ ሰሜን ስለሸሸች ነው። ኤሜትም የተወደደው ሳያውቀው የሌላው ወገን ሆኖ ስለተገኘ ነው። በአገሩ ኖሮ፣ በእምነቱ ጸንቶ፣ ጥሩ ሰው የሆነ ካሎርመናዊ በሰባቱ መጻሕፍት ፈልገን አላገኘንም።

ታዲያ መጽሐፉ ይቃጠል? አይደለም። ለእህታችን የሰጠናቸው ምክር ይህ ነው። መጽሐፉን ከልጅዎ አይቀሙ፤ ከቀሟት በትምህርት ቤት ትጨርሰዋለች፣ ጥያቄዋን ግን ዳግመኛ ወደ ማድ ቤት ይዛ አትመጣም። ሦስተኛውን ቅጽ አብረው ያንብቡት። እንግሊዝኛው ቢከብድዎ እርሷ ታንብብልዎ፣ በአማርኛ ትንገርዎ፤ ቋንቋዋም ይጠነክራል። የታሽባን በር ላይ ሲደርሱ ያቁሙና ይጠይቋት። ይህን ከተማ የምናየው በማን ዓይን ነው? በዚያ መንገድ ላይ የምትኖር አንዲት ሴት ከተማዋን ብትነግረን ምን ትለን ነበር? ያች የተገረፈችው አገልጋይ ስሟ ማን ነው? ከዚያ ለጥያቄዋ በቀጥታ ይመልሱላት፦ «እኛ አይደለንም፤ ጸሐፊው ግን እኛን አስቦ ነው ያለበሳቸው። አያትሽ እንዴት ያሉ ሰው እንደሆኑ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እርሱ አያውቅም።» ከስምንት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን ይህን ቅጽና የመጨረሻውን ማቆየት ይሻላል ባዮች ነን፤ የመጨረሻው መጽሐፍ ሞትና የዓለም ፍጻሜ የበዛበት፣ በመልክም ላይ የሚሰነዘር ስድብ ያለበት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር ብናልፍ ሚዛናችን ይጎድላል። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ ከልክሏል፤ የተሳለቁበት ከተሳላቂው ሊበልጥ ይችላልና። ይህ ትእዛዝ ለሉዊስ ብቻ የወረደ አይደለም። በእኛ ቤት ማታ ማታ በሚነገሩት ተረቶች ውስጥ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ምን ሆነው ነው የሚመጡት? ቡዳ ሆነው፣ ጅብ ሆነው አይደለም? ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት የለሰለሰላቸው፣ ጥሩር በእጃቸው የሠሩ ነቢይ መሆናቸውን ቁርኣን እየነገረን፣ የአንጥረኛ ልጅ አጠገቡ እንዳይቀመጥ ልጁን የሚያስጠነቅቅ ሙስሊም አባት ዛሬም አለ። ስለ ጥቁርነትስ? አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ቢሰድቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገና የጃሂሊያ ነገር ያለብህ ሰው ነህ ብለው እንደገሠጿቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። የታሽባንን ሥዕል አይተን የሚያመን ከሆነ፣ ጎረቤታችን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የእኛን ተረት ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

መጽሐፉ አልጎዳኝም ላለን ወጣት ወንድማችን ደግሞ እንዲህ እንበል። ወንድማችን፣ ማንበብ ያስወደደህን መጽሐፍ መውደድህ አያስነቅፍህም። ግን ሻስታ ነጮቹን አይቶ ልቡ ሲሄድ፣ በዚያ ዕድሜህ ያንተም ልብ አብሮት ሄዶ እንደሆነ ለራስህ ጠይቅ። ብዙ አንባቢ ልጅ ሳለ ሻስታን ሆኖ ያነበበውን ሲያድግ የታሽባን ሰው ሆኖ ይደግመዋል። እኛ ያነጋገርናቸው አንዳንድ ወንድሞች ሁለተኛውን ንባብ ከመጀመሪያው ይልቅ እንደወደዱት ነግረውናል፤ ሌሎች ደግሞ ከዚያ በኋላ መጽሐፉን መክፈት እንዳቃታቸው።

የልጅቷ እናት በደብዳቤያቸው መጨረሻ ላይ ሌላ ጥያቄ አስፍረዋል፦ በአማርኛ የተጻፈ፣ ሙስሊም ልጅ በረሃ የሚያቋርጥበት፣ ፈረስ የሚጋልብበት፣ ከተማ የሚያድንበት የልጆች መጽሐፍ ካለ ጠቁሙኝ ይላሉ። ፈለግን። የነቢያት ታሪኮችና የሰሐባ ታሪኮች አልሐምዱሊላህ ብዙ አሉ። እርሳቸው የጠየቁትን ዓይነት ግን እስከ አሁን እጃችን ላይ አልገባም። በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማ፣ በባሌ አያቶቻችን የሚነግሩን የቃፊላ ነጋዴዎች፣ የመድረሳ ልጆችና የበረሃ ጉዞ ተረቶች ግን ሞልተዋል። የምታውቁ አድማጮች በሁለት በሦስት ገጽ ጽፋችሁ፣ የሰማችሁበትን ቦታና የነገራችሁን ሰው ማንነት ጨምራችሁ በዝግጅታችን አድራሻ ላኩልን። ቋንቋው በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በስልጥኛም ቢሆን አስተርጉመን እናነበዋለን፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን በሚቀጥለው ወር ኢንሻአላህ እናቀርባለን።